የባሌ ድምፅና የኔ መሐላ

ይኼን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለልጆቼም፣ ለጎረቤትም፣ ለንስሐ አባቴም። ስንት ጊዜ መስቀል ስሜ፣ ስንት ጊዜ ያለኝን ሁሉ ተናዘዝኩ ብዬ ከደጀ ሰላም ወጣሁ፤ ይቺን ግን ሁልጊዜ ከምላሴ ሥር አስቀርቻት ነው የወጣሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ማስተዋል ናት። እሷ ትጻፈው፣ እናንተ አንብቡት፣ ፍርዱን እንደታያችሁ አድርጉት።

አንቺም ማስተዋል፣ ከአፌ የወጣውን እንዳለ ጻፊ። አታሳምሪልኝ። መሀል ላይም ብዕሩን እንዳትጥዪው፤ ነገሩ አንቺንም ይነካሻል።

ለምን ዛሬ ትሉኛላችሁ። ማስተዋል ኮሌጅ ጨርሳ ለትንንሽ ልጆች አስተማሪ ሆና ተመደበች። ትናንት እዚህ መደብ ላይ ተቀምጣ ታጫውተኝ ነበረ። ልጆቹ ከሩቅ ስለሚመጡ ሰሌዳ እያዩ እንደሚያንቀላፉ፣ እሷ ግን የሽማግሌና የአሮጊት ጨዋታ በስልኳ ቀድታ በድምፅ ማጉያ ልታሰማቸው እንዳሰበች ነገረችኝ። ሦስተኛ ክፍል ሳለች አንዲት መምህርት ይኼንኑ ጀምራ እንደነበረ፣ አገሩ እንዳባረራት አነሳች። ከዚያ፣ "ባላገሩ ምን ያድርግ እምዬ፣ አላወቀም ነበር" አለችና ስልኳን አወጣች። እንቆቅልሽ ንገሪኝ፣ ልቅዳሽ አለችኝ።

እኔ ራሴን አመመኝ ብዬ ተነሳሁ። ራሴን አላመመኝም። "አላወቀም" ያለችው ቃል ነው ያመመኝ። አዎ፣ ባላገሩ አላወቀም። እኔ ግን አውቅ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

መምህርቷ ብዙአየሁ ትባላለች፤ የፍላቂት ልጅ ናት። ልጆቹ ቲቸር ሲሏት እኛም ቲቸር አልናት። ከትምህርት ቤቱ ጎን አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይታ ጣራው ላይ ሶላር ሰቀለች። በዚያች ሶላር ታብሌት የሚሉትን፣ ያንን ሰፊውን ስልክና አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ትሞላለች። መጀመሪያ ለፊልም ነው ብለን አምተናት ነበር። ኋላ ስናይ ልጆቹ ሲያነቡ ትቀዳና መልሳ ታሰማቸዋለች። ልጁ የራሱን ድምፅ ሲሰማ የሳታትን ፊደል ማንም ሳይነግረው ራሱ ያገኛታል። ማስተዋል ያኔ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በሩጫ ነበር የምትመጣ። ዛሬ የኔ ድምፅ ወጣ፣ ዛሬ የኔ ድምፅ አልወጣም፤ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ቲቸር እኔ ቤት ለአሬራ ትመጣለች። እየጠጣች ሥራዋን ታወራኛለች፤ እኔ ምኑም ባይገባኝ እሰማታለሁ። አንድ ቀን ያቺን ታብሌት እንደምትፈራት ነገረችኝ። ልጆቹ ብርሃኗን ሲያዩ ይነቃሉ፣ እሱ ደግ፤ ግን እሷን ብቻ እያዩ ይፈዛሉ፣ ጓደኛቸውንም እኔንም ይረሱናል አለች። ተኝተው ከማየት ፈዝዘው ማየት በምን ይሻለኛል አለች። ከዚያ አስባ አስባ፣ የታብሌቷን ፊት ወደ መሬት ደፍቼ ድምፅ ብቻ ባሰማቸውስ አለች። ያኔ ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ እርስ በርስ ይማከራሉ። የሚሰሙትም የአገራቸው ሰው ቢሆን፣ የሚያውቁት ሽማግሌ ቢሆን።

የሚያውቁት ሽማግሌ ባሌ ሆነ። ደምሴ በእንቆቅልሽ የሚረታው አልነበረም፤ ከኩልመስክ እስከ ሙጃ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከአውድማው ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና ታብሌቷን ከጉልበቱ ላይ አደረገችለት። እኔ ከጎኑ ገብስ እለቅማለሁ። እንዲህ አለችው፤ አባባ፣ እንቆቅልህ ብለው ዝም ይበሉ፣ ልጆቹ ምን አውቅልህ ይሉዎታል። ጥያቄውን ይንገሯቸውና ደግሞ ዝም ይበሉ፣ ያስቡበት።

እሱ ተቆጣ። "ለማን ነው ዝም የምል? ድንጋይ ነው የማናግር?" አላት።

"ዝምታው የልጆቹ ነው አባባ። እነሱ መጥተው ይሞሉታል።"

ይኼን ጊዜ ገባው። ከገባውማ ማን ይችለዋል። እንቆቅልህ ይላል፤ የዝንብ ጭራውን አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ያወዛውዝና ይጠብቃል። ጥያቄውን ይናገራል፤ ይጠብቃል። አላወቃችሁም፣ አገር ስጡኝ ይላል። በመጨረሻ ደግሞ ማንም ሳያዘው፣ "ማስተዋል፣ አንቺስ? አያትሽን ታሳፍሪያለሽ?" አለ። ዝም አለ። ጭራውን አወዛወዘ። "ጎበዝ የኔ ልጅ" አለ። መልሱን ቤት አስጠንቷት ነበራ፤ እንደምታውቅለት እርግጠኛ ስለሆነ ምስጋናውን አስቀድሞ አስቀመጠላት። እኔ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት፤ ድምፄ እንዳይገባ ቲቸር በጣቷ ዝም በይ ብላኛለችና።

እንግዲህ እዚያ ነበርኩ። ይቺን ልብ በሉልኝ። እዚያ ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ልጆቹ ሳይሰሙት እሱ ጎኑን ታመመ። አልሰነበተም፤ ሞተ።

ቲቸር ለቅሶ ደረሰች፤ ከሴቶቹ ጋር መሬት ተቀምጣ አለቀሰች። ሰው ቀለል ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣ ድምፃቸው እኔ ጋ አለ፣ ነውር እንዳይሆን ከአርባቸው በፊት ለልጆቹ አላሰማም አለችኝ። ሥርዓት ያላት ልጅ ናት። እኔ ግን ከዚያች ቃል በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ድምፁ አለ። ከመቃብሩ ወዲህ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ከዚያች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ድምፁ አለ።

በኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት አርባው እስኪወጣ ከቤተ ክርስቲያን በቀር ከደጇ አትርቅም። ጠጉሯን ትላጫለች፣ ጥቁር ትለብሳለች፣ ጥርሷ ለሰው አይታይም። እኔ ይኼን እያወቅሁ ድምፁን አሰሚኝ ብዬ ቲቸርን ለመንኳት። እሷ አልጠራችኝም፤ እኔ ነኝ የለመንኳት። አይሆንም እማማ፣ አርባው ይውጣ አለችኝ። ደግሜ ለመንኳት። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ደንግጣ ደግፋ አነሳችኝና እሺ አለች። ለማንም እንዳትናገሪ ብዬ አስማልኳት። ሞቼ ልገኝ አለች። እሷ ማለችልኝ። የሷን መሐላና የኔን መሐላ ኋላ ታስተያዩታላችሁ።

ቅዳሜ ቀን፣ ሰው ሁሉ ገበያ ሲወርድ፣ በጓሮ በኩል ሄድኩ። በሩን ገርበብ አደረገችው፤ ታብሌቷን ደፍታ አስቀመጠቻት።

እንቆቅልህ አለ።

ምን ላድርግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ምን አውቅልህ አልኩት። ጠበቀኝ። አንድም ቃል ሳይጨምር፣ ሳይቸኩል፣ ልክ በሕይወት ሳለ ሲጠብቀኝ እንደነበረው ጠበቀኝ። አንዱን ጠየቀኝ፣ አላወቅሁም። አገር ስጡኝ አለ። "ላሊበላን አልወስድም፤ እሱ የቅዱሱ ነው። ፍላቂትን ስጡኝ። ፍላቂት ገብቼ የቲቸራችሁን እናት ጠላ እስኪያልቅ ጠጥቼ፣ ያንን ክፉ ውሻቸውን በጭራዬ ጠምዝዤ፣ እናንተን ያላወቃችሁትን ሰነፎች እቤታችሁ ትቼ..." እያለ ሄደ። ሳቅሁ። ባሌ በሞተ አርባው ሳይወጣ፣ ጠጉሬን ተላጭቼ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ቲቸርም ሳቀች።

ከዚያ ሌላውን ጠየቀ። ሲመሽ የሚጋደም፣ ሲነጋ የሚቆም፣ ነፍስ የሌለው ማነው አለ። ይቺንማ አውቃታለሁ። ጄንዲው ነው፣ የምንተኛበት የበሬ ቆዳ። እሱ ከሞተ ጀምሮ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፎ እንደቆመ ነው፤ መዘርጋት አቅቶኝ። "ማስተዋል፣ አንቺስ?" አለ፤ ጠበቀ። "ጄንዲ" አልኩት። "ጎበዝ የኔ ልጅ" አለኝ።

በሩ ተከፈተ።

የባሌ እህት ዘነቡ ናት። ገበያውን በረዶ በትኖት፣ ያልሸጠቻትን ዶሮ በእጇ አንጠልጥላ በትምህርት ቤቱ በኩል ስትመለስ የወንድሟን ድምፅ ሰማች። እሱ ሲጠይቅ፣ እኔ ስመልስ፣ እሱ ሲያመሰግን፣ እኔ ስስቅ። ፊቷ አመድ መስሏል። ዶሮዋ ከእጇ አምልጣ ከክፍሉ ውስጥ ትንጫጫለች፤ ማንም የሚይዛት የለም።

"ወንድሜ አፈሩ ሳይደርቅ ከማን ጋር ነው የምትሳሳቂ?" አለችኝ።

እውነቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ቀድታዋለች፣ ለምኛት አሰማችኝ። ይቺው ናት። ምን ይመጣብኝ ነበር? ዘነቡ ትሰድበኛለች። ሴቶቹ የደምሴ ሚስት በለቅሶዋ ሳቀች፣ ጥቁሯን ለብሳ ሰው ቤት ዞረች ይሉኛል። ይኼው ነው። ለዚህ ነው ያደረግሁት። ረሃብ አልነበረም፣ ዱላ አልነበረም። ነውር ፈርቼ ነው።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኩ። "ጠራችኝ መጣሁ። እሱን አስነስታ አናገረችኝ።"

ይኼን ስል ቲቸርን አላየኋትም። ዶሮዋን ነበር የማይ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከግቢው አልተበተነም። በአንድ ሌሊት ወሬው ሌላ መልክ ይዞ አደረ፤ መምህርቷ ሙት ሳቢ ናት፣ ሙቱ ደግሞ የልጅ ልጁን በስሟ ጠርቷታል ተባለ። ሙት የጠራውን ይወስዳል ይላሉ በኛ አገር። የማስተዋል እናት ልጇን በጉያዋ ሸሽጋ ትንቀጠቀጣለች። ለመሆኑ ያን ጊዜ ልጄ ስትንቀጠቀጥ እያየሁ እንዴት ቆምኩ? በምን እግሬ ቆምኩ?

ሰዉ መቅጃ የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። መዝሙሩን በስልክ የማይሰማ የለም። ንስሐ አባታችን ራሳቸው ይኼን ተናገሩ። "ስልክማ እኔም አለኝ፣ ቅዳሴ እሰማበታለሁ" አሉ። "ግን የተቀዳ ሰው ጠይቆ ዝም ብሎ መልስ ይጠብቃል ወይ? ሲመለስለትስ ጎበዝ ይላል ወይ?" ያልገባቸው ይቺ ብቻ ናት። ዝምታዋ። ቲቸር ልታስረዳቸው ጀመረች፤ ዝምታው ለልጆቹ መልስ የተተወ ነው፣ እሳቸው በሕይወት ሳሉ ነው የተናገሩት፣ ላሰማችሁ አለች። ዘነቡ፣ አርባው ሳይወጣ ወንድሜን ዳግመኛ አታስጮኺውም ብላ ታብሌቷን በነጠላ ሸፈነችባት። ሰዉም አይሆንም አለ። ማሰማት ቀረ።

ንስሐ አባታችን ወደኔ ዞሩ። ሲቀዳ አይተሻል ወይ አሉኝ።

ቲቸር አየችኝ። አለቀሰች አትበሉ፤ አላለቀሰችም። "እማማ፣ እርስዎ ይንገሯቸው" አለች። ከዚህ ሌላ አልተናገረችም። ለምና ነው የመጣችው፣ እግሬ ላይ ልትወድቅ ነበር፣ ስቃለች፤ ይኼን ሁሉ ማለት ትችል ነበር። ማለት ይገባትም ነበር። አላለችም። አስምያት ነበራ።

"አላየሁም" አልኩ።

ንስሐ አባታችን መሐላ አይወዱም፤ ቃሏ ይበቃል አሉ። ማንም ማይ አላለኝም። እኔ ነኝ ሄጄ እጄን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አድርጌ የማልኩት። ሲቀዳ አላየሁም፣ ሲቀዳ አልሰማሁም ብዬ በሐሰት ማልኩ። ለምን ጨመርኩበት? ስንት ዓመት ጠይቄዋለሁ ራሴን። ቲቸር ዝም ስላለች ይመስለኛል። ዝምታዋ አስፈራኝ። አንድ ነገር ልሙላበት ብዬ ማልኩ።

ከዚያ ጠበል አመጡ። ትጠመቅ ተባለ። ነጠላውን ገልጠው ታብሌቷ ላይ አፈሰሱባት፤ ድምፅ ማጉያዋንም። ቲቸር ሰዉ ሲጨርስ ጠብቃ አነሳቻት፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ከዚያ ወዲያ አልበራችም። የልጆቹ ንባብ ሁሉ፣ የባሌም ድምፅ፣ እዚያው ቀረ። አንድ ጊዜ ሰው ቀበረው። ሁለተኛውን እኔ ቀበርኩት።

ልጆቹን ወላጆቻቸው አስቀሯቸው። ቲቸር ባዶ ክፍል እየገባች፣ ደወል እየደወለች ጥቂት ቀን ቆየች። አንድ ጠዋት ሶላሯን በጋቢ ጠቅልላ አዝላ በቤቴ ደጅ አለፈች። በበሩ ስንጥቅ አየኋት። ልወጣ እጄን መዝጊያው ላይ አድርጌያለሁ። አልወጣሁም።

አንቺ ማስተዋል፣ ጻፊ እንጂ። ለምን ቆምሽ?

ይቺ ልጅ ከትምህርት ቤት ወጣች። ጠበል ለጠበል ተንከራተተች፤ ሁለት ዓመት ከጓደኞቿ ቀረች። ስምሽ ሲጠራ ቶሎ አቤት አትበይ፣ ማን እንደጠራሽ አታውቂም እያልን አሳደግናት። እኔም አልኳት፣ እያወቅሁ። እስከ ዛሬ ሰው ሲጠራት ሦስቴ ካልደገመ አቤት አትልም። ኮሌጅም እንዲህ ነበረች አሉ፤ መምህሩ ስም ሲጠራ ሳትመልስ ቀርታ ቀሪ ይላታል። እሷ አመሌ ነው ትላለች። አመልሽ አይደለም ልጄ። ያን የዘራሁብሽ እኔ ነኝ።

አንድ ጊዜ ፍላቂት ገበያ አየኋት፣ ቲቸርን። ማስተማሩን ትታለች። ሙት ሳቢ የሚለው ስም ቀድሟት አገሯ ገብቶ ኖሮ፣ የወንድሟ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሰው ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች። ፊቴን ተሸፍኜ ላልፍ ስል እሷ ቀድማ አየችኝ። ወጥታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ጉልበቴን! ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። ከዚያ፣ ማስተዋል ትማራለች ወይ አለችኝ። ያን ጊዜ ማስተዋል ቤት ነበረች። ትማራለች አልኳት። እንኳን፣ ልቤን አሳረፉልኝ አለች። አሁንም ዋሸኋት። ከፊቴ ቆማ፣ ያ ሁሉ ሰው በሌለበት፣ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ። ያኔስ ማንን ፈራሁ? ዘነቡ የለች፣ ቄስ የለ፣ ለቅሶ የለ። ስለዚህ ነውር ፈርቼ ነው ያልኳችሁም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ክፉ ስለሆንኩ ነው። እንዲህ ብለሽ ጻፊው፣ አታለሳልሽው።

መበለት ነበርሽ፣ ሐዘን አደናግሮሽ ነው ትሉኝ ይሆናል። አትበሉኝ። ሐዘን ያደናገራት ዘነቡን ነው። እኔ በደንብ አውቅ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በማልኩበት በር ላይ ቆሜ እናገራለሁ። ዘነቡ በሕይወት አለች፤ ትሰማለች። ስምሽ ሲጠራ በፍርሃት የሚያይሽ ሰውም ይሰማል። ከዚያ መኪና ተሳፍረን ፍላቂት እንሄዳለን፤ ይኼን ጽሑፍ ይዘሽ ትመጫለሽ፣ እፊቷ ታነቢዋለሽ፤ እኔ ቆሜ እሰማለሁ። ለልጆችሽ እንቆቅልሹን የሚቀዳልሽ ሌላ ሰው ፈልጊ፤ ወይም እሷን ጠይቂያት፣ የአያትሽን እንቆቅልሽ ሁሉ ታውቀዋለች። እኔ በዚህ አፌ ለልጅ ጆሮ አልገባም።

ይቅር በይኝ የሚለውን አትጻፊ። ምን ይዤ ነው የምለምናት? ድሮ ለምኛት ሰጥታኛለች፤ ያደረግሁበትን አይታችኋል። ከወረቀቱ ግርጌ ባዶ ቦታ ብቻ ተዪ። እሷ ናት ያስተማረችን፤ ጠይቀሽ ዝም በይ፣ ዝምታው የሚመልሰው ሰው ነው ብላ። ብትፈልግ ትሙላው። ካልፈለገች ባዶውን ይዘሽልኝ ተመለሺ፤ ስሞት አብሮኝ ይቀበር።

ማስተዋል።

ማስተዋል።

እየሰማሽኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ሦስተኛውን አልጠራሽም፤ ለኔ አቤት እንድትዪ አላስገድድሽም።